ለሶልያና የሄድነው ለቅሶ

ነገሩ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ እናደዳለሁ።

የምኖረው ሳንሆዜ ነው። እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች ዕድር አለን፤ ዕድሩም የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ግሩፑ ላይ ስለ ሠርግም ስለ ልደትም አይጻፍም፤ መልእክት የሚመጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ድምፁን ስሰማ ገና ሳላነበው ጥቁር ልብሴን እፈልጋለሁ።

ትርሲት የዕድራችን አባል ናት፤ ኦክላንድ ትኖራለች። ወንድ ልጅ ወለድኩ ብላ ያሳደገቻት ልጇ ትራንስጀንደር መሆኗን ተናግራ፣ ስሟንም ሶልያና ካስባለች ያኔ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወገኖቼ ትርሲትን ሰላም የሚሏት ከሩቅ ነው፤ የሚጋባ ነገር ይመስል። ቤቷ የሚሄድ ጠፋ። ስለ ቤቷ የሚያወራ ግን ሞልቷል።

በዚያ ሰሞን እንደ ሶልያና ያሉ ልጆች ከትምህርት ቤት የሴቶች ስፖርት ቡድን እንዲወጡ የሚል ረቂቅ ሕግ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ሶልያና ሯጭ ናት። ከመኝታ ቤቷ የሚያስወጣት ነገር ቢኖር ሩጫው ብቻ ስለሆነ፣ ትርሲት እሱን ከነጠቋት ልጄን አጣታለሁ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ረቂቁን የሚቃወም ሰልፍ ተጠራና አዘጋጆቹ የምታውቂውን ሰው ሁሉ ይዘሽ ነይ አሏት። ከእኛ ሌላ ማንን ታውቃለች? ዕድሩ ግሩፕ ላይ ጻፈች።

«ወገኖቼ፣ ስለ ልጄ ብላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ ሐይቁ ዳር ድረሱልኝ።»

ከሥሩ ስለ ረቂቁ የሚያብራራ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጥፋለች። እሱን ማን ያነባል? እኛ መልእክት ማስተላለፍ እንጂ ማንበብ አልለመደብንም።

ልጇ ሞታለች ብለን ደመደምን፤ ትርሲት ራሷ ግሩፑ ውስጥ ስላለች ግን ማንም «ነፍስ ይማር» ብሎ አልጻፈም። ሁሉም በጓሮ ተደዋወለ። ለእሷ ደውሎ «ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ደግሞ በእኛ ነውር ነው፤ ሐዘንተኛ አይጠየቅም፣ ይደረስለታል። ለምን ሐይቅ ዳር ተጠራን ለሚለው መልስ አልጠፋም። ልጅቷ ሰጥማ ነው ተባለ። ማታ ላይ አምቡላንሱን በዓይኑ ያየ ሰው ተገኘ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ሲያነሱ ያማትቡ የነበሩ ሴትዮ ስልክ ላይ «ምን የመሰለች ልጅ ነበረች» ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ በመኪና ተከታትለን ወጣን። ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ ውሃ በካርቶን፣ ንፍሮ በድስት፣ ታጣፊ ወንበርና የዕድሩን ድንኳን ጭነን። ስንደርስ ሐይቁ ዳር በቀስተ ደመና ቀለም ባንዲራ ተሞልቷል፤ ከበሮ ይመታል፤ ወጣቶች ይጨፍራሉ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን ቆም አሉ። «ሐዘን ባለበት ቦታ ይኼ ምን የሚሉት ፓርቲ ነው?»

«የሌላ ሰው ፕሮግራም ይሆናል» አልኳቸው።

እማማ ለተብርሃን ግን መልስ አልጠበቁም። የአስመራ ሴት ናቸው፤ በአማርኛም በትግርኛም ያስለቅሳሉ። «ልጄን! ልጄን!» ብለው ሲጀምሩ እኛም ተከተልን። ከበሮው ቆመ። ድምፅ ማጉያ የያዘች አስተባባሪ እንባዋ እየወረደ መጣች። በጥቁር ልብስ ለልጆቻችን ሊያለቅሱ የመጡ የሃይማኖት ሰዎች ብላ በእንግሊዝኛ አስተዋወቀችን፤ ሕዝቡም አጨበጨበልን። ለጋሽ መኮንን መፈክር ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በእጅ የተሰጣቸውን ነገር እንቢ ብለው አያውቁም።

ትርሲት ቢጫ ቲሸርት ለብሳ እየሮጠች መጣች። አይታን ማመን አቃታት።

«መጣችሁ? ሁላችሁም መጣችሁልኝ?» አለችና ጋሽ መኮንን አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አንድ ሰው እንኳ አይመጣም ብዬ ነበር እኮ!»

ከኋላዋ ሶልያና ቆማለች፤ ዶናት እየበላች።

እማማ ለተብርሃን ለቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀረ። «በስመ አብ! አንቺ፣ አለሽ እንዴ?»

ሶልያና ጥቁር ልብሳችንን አየች፤ ድስቱን አየች። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛ ከምትናገረው የምትሰማው ይበልጣል።

«ዌይት» አለች። «እኔ... ሞተች ብላችሁ ነው የመጣችሁት?»

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ትርሲት ጋሽ መኮንንን ቀስ ብላ ለቀቀቻቸው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ እያየሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እማማ ለተብርሃን ናቸው ያወጡን። «አዎ፣ ሞተች ብለን ነው» አሉ። «ዋሽተን ምን እናድርግ? እንኳንም አልሞትሽ! ነይ ሳሚኝ።» ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟትና ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። ከዚያ ወንበራቸውን ዘርግተው ከሰልፈኛው መሃል ቁጭ አሉ። «በያ ንፍሮውን አውጪው» አሉኝ።

ሌላው ወገኔ የፓርኪንግ ነገር ትዝ አለው። አንዱ ሰዓቱ ሊያልቅበት ነው፣ ሌላው መኪናውን ጎትተው ሊወስዱበት ነው፤ መኪናውን ሊያይ የሄደ አልተመለሰም። ጋሽ መኮንንም የሚሄዱ መስለውኝ ነበር። መፈክሩን የት እንደሚያስቀምጡ ስላላወቁ ይመስለኛል እስከ መጨረሻው ይዘውት ቆሙ። ንፍሮውን ሰልፈኞቹ «ቪጋን ነው?»፣ የጾም ነው ወይ እንደ ማለት፣ እያሉ ጨረሱት።

ረቂቁ ያን ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ። ዘንድሮ እንደገና መጣ፤ ሰልፍም እንደገና ተጠራ። ትርሲት አሁን ግሩፑ ላይ አትጽፍም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይሳሳት ብዬ በአማርኛ፣ ልጅቷ በሕይወት እንዳለች ከላይ አስቀምጬ፣ የምንሄደው ለሩጫዋ መሆኑን አብራርቼ።

በዚህ ጊዜ ሁሉም አነበበው። እነዚያ አምና ምርር ብለው ያለቀሱት ሴትዮ እንዲያውም ደወሉልኝ።

«ልጅቷ ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት፤ እንዲያውም ትሮጣለች።»

«እሰይ! ተመስገን ነው» አሉኝ ከልባቸው። «እንግዲያውስ እኔ ቅዳሜ ሥራ አለኝ።»

ሦስት ሆነን ሄድን፤ እማማ ለተብርሃን፣ ጋሽ መኮንንና እኔ። ሶልያና ከሩቅ አየችንና ከኋላችን ሌላ ሰው አለ እንደሆነ ቀና ብላ ፈለገች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ነው።