እማማ ሳቪትሪ ያቆሙበት ስንኝ

ያን ምሽት ብዘምርላቸው ኖሮ እግዚአብሔር ይቀየመኝ ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቤታቸው እየሄድኩ ያስታመምኳቸው ህንዳዊት አሮጊት፣ እማማ ሳቪትሪ፣ ካረፉ ዓመት ሞላ። ልጃቸው ሚና «በቤተ መቅደሳችን ጸሎት ይደረግላታል፣ ነይ» ብላ ደወለችልኝ። እኔ ግን የሄድኩት አንድ መዝሙር እስከ መጨረሻው ለመስማት ነው።

ቅዳሜ፣ በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል

ከቻምበርስ ሮድ የወሰደኝ ጎረቤቴ ግርማ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ሃቫና ጎዳና ላይ አስቁሜው ሙዝና ብርቱካንማ አበባ ገዛሁ። አበባው ስድስት ዶላር፣ ያውም ጠውልጎ።

«ነጠላ ለብሰሽ የህንድ ቤተ መቅደስ? የንስሐ አባትሽ ቢያዩሽ ምን ልትያቸው ነው?»

«ለቅሶ ነው እላቸዋለሁ።»

«ለቅሶ በሙዝ!»

ሃይዌዩ ተዘጋግቷል። ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ፀሐይዋ ተራሮቹ ላይ ተቀምጣ ዓይናችን ውስጥ ገባች፤ ግርማም ማሾፉን ትቶ መንገዱን ያይ ጀመር።

ቤተ መቅደሱ

ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ከኋላ ቆምኩ። ጸሎቱ ረዘመ። በመጨረሻ ሁሉም ተነሣ፤ ካህኑ በቅቤ የተነከሩ ክሮችን አብርቶ መብራቱን በአምላካቸው ምስል ፊት ያዞር ጀመር። ደወል ተደወለ፣ መዝሙሩም ተነሣ። አርቲ ይሉታል፤ የአምልኳቸው መዝጊያ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ሲያልቅ ወደ አዝማቹ ይመለሳል።

እማማ በየምሽቱ ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ትንሽ መብራት አብርተው ይዘምሩት ነበር። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሰማሁትን ሳልጽፍ ማለፍ አይሆንልኝም። እያስደገምኳቸው፣ እየሳቁብኝ፣ ሁሉንም በፊደላችን ጻፍኩት። በመጨረሻው ሳምንታቸው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። አዩኝ።

«ደብተርሽ ላይ አለ አይደል? ቀጥይልኝ።»

ፈራሁ። ትራሳቸውን ማስተካከል ጀመርኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

እዚያ ቤታቸው የቆመው ስንኝ እዚህ በመቶ አፍ በአንዴ አለፈ። ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የእማማን የተሰነጠቀ ድምፅ ስፈልግ መዝሙሩ አለቀ። የመብራቱ ሳሕን ሲዞር ሰዎቹ እጃቸውን ነበልባሉ ላይ አሳልፈው ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሰበሰብኩ።

ሚና ፓርኪንጉ ድረስ ሸኘችኝ።

«በመጨረሻ ሰሞን ዘምራ ነበር?»

«ዘምረዋል።»

«እስከ መጨረሻው?»

«አዎ።»

የሰው ደብዳቤ ላይ ነጠላ ሰረዝ የማርም ሴት በአንዲት ቃል ዋሸሁ።

መመለሻ

ሚና በናፕኪን ጠቅልላ የሰጠችኝን ጣፋጭ ግርማ መንገድ ላይ ጨረሰው። «ለቅሷቸው ይጣፍጣል» አለ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሬዲዮውን አጠፋው።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ። አንድ ፊደል አልጎደለም፤ ድምፃቸው ግን የለበትም። ሰው ሁሉ ሲዘምረው መስማቴ ናፍቆቴን የሚያስታግስልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የናፈቅኩት መዝሙሩን ሳይሆን «ቀጥይልኝ» ያሉኝን ሴት ኖሯል።

በሦስተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ ሚና ጋ ደወልኩ።

«እናትሽ አልጨረሱትም። ቀጥይልኝ አሉኝ፤ እኔ ዝም አልኩ።»



«እኔንም ጠይቃኝ ነበር» አለች። «እዚህ ተወልጄ ከአዝማቹ ሌላ አልያዝኩም። አላውቀውም ለማለት አፍሬ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።»

ደብተሩን አነሣሁ።

«እርሳስ ያዢ» አልኳት።

አንድ በአንድ አስጻፍኳት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስም አላቆምኩም።