ከመንዝ ይዤው የመጣሁት ድብቅ ሰንበት

ከመሐል ሜዳ የወጣሁት እሁድ ጎህ ሲቀድ ነው። ቅዳሜም መኪና ነበር፤ አባዬ ግን «በሰንበት ተነስተህ እግዜር እንዴት ይከተልሃል?» ብለው እንቢ አሉ። ለጎረቤት «ልጄን አሞት ነው የቀረው» አሉላችሁ። እኛ ሸማኔዎች ነን፣ ቤተ እስራኤል። ውጭ ክርስቲያን፣ ጓዳ ውስጥ አይሁድ። እንዲሁ እንኳ «ቡዳ» እያሉ ሲሰድቡን ኖረዋል፣ ሰንበታችንን ቢያውቁብንማ! ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች። እህል የለበትም፤ ሰው «ሥራ ላይ ናቸው» እንዲል ነው። ሲደክማት እኔ እቀበላት ነበር።

እዚህ እስራኤል የመጣሁትም ከፋሲካ ተሳላሚዎች ጋር፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ነው። ኤርፖርት ላይ ፖሊሷ «ለምን መጣህ?» ስትለኝ «ልሳለም» አልኳት። አይሁድ አገር ለመግባት ክርስቲያን ነኝ ማለት! ተናደድኩም፣ ሳቄም መጣ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ያለውን ብታዩ! እምነታቸውን በር ላይ በምስማር መትተውታል፣ መዙዛ ይሉታል፣ የኦሪት ቃል ያለበት ትንሽ ሣጥን ነው፤ ሲገቡ ሲወጡ ነካ አድርገው ይስሙታል። ዳቦ ሲቆርሱ ብራካ፣ ምርቃት ማለት ነው፣ ውሃ ሲጠጡ ብራካ። እግዜር እኮ እዚህ ከሰው ጋር ነው የሚውለው! ሻባት በሚሉት ሰንበታቸው ደግሞ ምግቡ ትኩስ ነው! ዓርብ የለኮሱት ምድጃ ላይ እንደሞቀ ያድራል። እኛ በዚያ ብርድ ቀዝቃዛ በሶ እየዋጥን!

ክፍል ያከራዩኝ አባባ ታረቀ ድሮ ከጎንደር የመጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ከመንዝ አይሁድ? ከመንዝ የማውቀው በግ ነው» አሉኝ።

«በጉም ሰንበት ያከብራል፣ አባባ።»

ሳቁ። «እንግዲህ ሦስት ሻባት አይሃለሁ። ከጠበቅክ ራቢው ዘንድ እመሰክርልሃለሁ። ካልጠበቅክ ዕቃህን ይዘህ ውልቅ።»

ያለሳቸው ምስክርነት ራቢው፣ የአይሁድ ካህኑ፣ ወደ አይሁድነት መመለሻውን ትምህርት አያስጀምረኝም። ሁለቱን ሻባት አብሬያቸው ምኩራብ ዋልኩ። በሦስተኛው ጉንፋን ያዘኝና ብቻዬን ቤት ቀረሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ሳላስበው ጫማዬን አንስቼ ጠረጴዛውን ኳ! ኳ! ኳ!

በሩ ተበረገደ። አባባ ታረቀ ናቸው፣ ከምኩራብ ተመልሰው።

«በሻባት መዶሻ?!»

«መዶሻ አይደለም፣ ጫማ ነው። የምሠራ ለመምሰል ነው።»

«ለማን ነው የምትመስለው?»

«ሰንበት መጠበቄን እንዳያውቁብኝ...»

«እዚህ? ሰፈሩ ሁሉ ሻባት ጠባቂ ነው እኮ፣ አንተ!»

የእናቴን ሙቀጫ ነገርኳቸው። አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉና ጫማውን ተቀበሉኝ። «እኛም ጎንደር ፈርተናል» አሉ። «ነገ ራቢው ዘንድ እንሄዳለን። ጫማውንም እነግረዋለሁ። እንደዚህ ተጨንቆ ሰንበት የጠበቀ ሰው አላየሁም።»

በደስታ ልፈነዳ! ሻባት እንደወጣ ለአባዬ ደወልኩ።

«አባዬ! እዚህ ሰንበት በአደባባይ ነው!»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። እናትህ በሩን ትዝጋ።» በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ በሹክሹክታ፦ «እውነት ጮክ ብለው ነው የሚጸልዩት?»

«መንገድ ድረስ ይሰማል!»

«አንተስ?»

ምኩራብ ውስጥ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ነው የዋልኩት። እሳቸውን መዋሸት አቃተኝ።

«ገና ነኝ፣ አባዬ» አልኩ፤ እኔም በሹክሹክታ።