አትንኪ በተባለው ክፍል የተቀመጠ መጽሐፍ

አክስቴ ታይፒስት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል፣ የሰው አቤቱታ ስትተይብ ኖራለች። የጀመረችው በጽሕፈት መኪና ነው። ያኔ ከእያንዳንዱ ወረቀት ሥር ካርቦን አስገብታ አንድ ቅጂ ለራሷ ታስቀር ነበር፤ ቅጂው ከጠረጴዛዋ ሥር ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይገባል። «ሰው ወረቀት ይጥላል፤ ሣጥኔ አትጥልም» ትል ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሣጥኗ ሥራ ፈታች። ማሽኑን የሸጠላት ሰውዬ ዲስኩ ለሁለት እንደተከፈለ አሳያት። ትልቁ ክፍል የሥራ ነው። ሪከቨሪ የምትባለውን ትንሿን ግን «እትዬ፣ ይቺን እንዳይነኳት፤ ኮምፒውተሩ የሞተ ቀን የምታስነሳው እሷ ናት» አላት። አክስቴም በልቧ፣ የሞተ የምታስነሳ ከሆነች ከእሷ የተሻለ ሣጥን ከየት ይመጣል አለች። ትልቁ ክፍል ላይ ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን እየሰካ ቫይረስ ያራግፍበታል። ስለዚህ ክፉ አይንካው ያለችውን ሁሉ ትንሿ ውስጥ ከተተች። ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀረችም።

ጡረተኛው መምህር መጽሐፋቸውን ያስጻፉት እሷ ጋ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይዙም። ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከጎኗ ይቀመጡና ይናገራሉ፣ እሷ ትተይባለች። በሰባት ወር አሥራ አራት ምዕራፍ አለቀ። አብዛኛው ስላስተማሩባቸው ክፍሎች ነው፤ የመጨረሻው ግን ለሴት ልጃቸው። ልጅቷ እዚሁ ከተማ ትኖራለች፤ ከተጣሉ ወዲህ ስድስት ዓመት ደጃቸውን አልረገጠችም። ጥፋቱ የእሳቸው እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያመኑት ለአክስቴ ጣቶች ነው። በዚያ ላይ ጉሮሯቸው ውስጥ የተገኘው እባጭ አርብ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ድምፃቸውም አብሮ እንደሚሄድ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል።

መጽሐፉ ውስጥ የሚገቡትን ሰማንያ ፎቶዎችም ስካን አድርጋ እዚያችው ትንሿ ክፍል ውስጥ አስገባች። ማስጠንቀቂያው ያን ጊዜ ጀመረ። ከታች በቀኝ በኩል ብቅ ይልና ቦታ እያለቀ ነው ይላል። ትዘጋዋለች። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። «እንደ አማቴ ነው፤ ሰምቻለሁ ብለውም ይደግመዋል» አለችኝ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች ስታስቀምጥ ሌላ መልእክት መጣ፤ እንደለመደችው ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ተጫነች።

ሰኞ ዕለት ሰለቻት። ትንሿን ክፍል ስትከፍት፣ ከራሷ ፎልደር ጎን እሷ ያልፈጠረቻቸው፣ ስማቸው ለመጥራት የሚያስቸግር ትልልቅ ፋይሎች ተጋድመዋል። «እናንተን ደግሞ ማን አስገባችሁ?» ብላ ጠራርጋ አስወጣቻቸው። ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ደስ ብሏት ደወለችልኝ። ማክሰኞ ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደጨለመ ቀረ።

ልጄን አዝዬ ስደርስ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም።

«ሌላ ቦታ አልገለበጥሽውም?»

«የት ልገልብጠው? ደህናው ቦታ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ፍላሽ ላይስ?»

«ፍላሽ ይጠፋል።» ኪቦርዱን ገፋ አድርጋ፣ «ቀዶ ጥገናቸው አርብ'ኮ ነው» አለች።

ማሽኑን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ጠጋኙ ጋ ሄድን። የማሽን ሆድ ስለሚከፍት ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል።

«ምን ነካክተው ነው፣ እትዬ?»

«ምንም። የማላውቃቸውን ነው ያባረርኩት።»

«አምቡላንሱን ነዋ የሸኙት። የሚያስነሱት'ኮ እነሱ ነበሩ።»

አክስቴ አልሳቀችም። «እሱ ባይነሳም ግድ የለኝም። ውስጡ ያለውን አውጣልኝ።»

ረቡዕን ሙሉ ደጁ ላይ በርጩማ ይዛ ዋለች። እህል አልቀመሰችም። አመሻሽ ላይ ዲስኩን ነቅሎ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘውና ፎልደሯ ተከፈተ። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ያለው ምዕራፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አሥራ ሁለት ሲከፈት ባዶ ነው። አሥራ ሦስትም፣ አሥራ አራትም። ስማቸው ብቻ ቀርቷል።

«ቦታው ሞልቶ ሳለ ነው ያስቀመጧቸው» አለ ዶክተር ቀስ ብሎ። «ያኔውኑ አልገቡም።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ነግሮዎታል።»

ወደ እኔ ዞረች። «ምን ብዬ ነው ዓይናቸውን የማየው?» አለችኝ። «ገና ሐሙስ አለ» አልኳት፣ እኔም ብዙ ሳላምንበት።

ሐሙስ ጠዋት ከዶክተር ላፕቶፕ ተውሰን መምህሩ ቤት ሄድን። ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል።

«ሦስቱን መድገም አልችልም፣ ልጄ። አንዱን ከቻልኩ ነው።»

«አሥራ ሦስተኛውን ጣቴ አይረሳውም፣ ጋሼ። እርስዎ ይስሙኝ፤ ስሳሳት ጉልበትዎን መታ ያድርጉ።»

እያነበነበች ተየበችው። እሳቸው ጉልበታቸውን የመቱት ሁለቴ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛው ግን እምቢ አላት፤ ከመጀመሪያዋ መስመር አላለፈም። በእጃቸው ምልክት ተይው አሏት። ያ ምዕራፍ እስከ ዛሬ የለም።

የቀረቻቸውን ድምፅ ለአሥራ አራተኛው አዋሏት። የፊተኛው ዘጠኝ ገጽ ነበር፤ ለምን እንዲያ እንዳደረጉ የዘረዘሩበት። አሁን ምክንያቱን ሁሉ ትተው ጥፋታቸውን ብቻ ተናገሩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም።

«አስቀመጥሽው?»

«ላፕቶፑ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ።»

ከመንገዱ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በወረቀት አሳትሜው ተመለስኩ። አክስቴ እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ስትል እጇን ያዙት። «እሱ ሣጥን አይገባም» አሉ። «ዛሬውኑ አድርሺልኝ።»

የልጃቸው ቤት ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ልጅቷ ወረቀቱን በር ላይ ቆማ አነበበችው፤ ጨርሳም እንደገና ከላይ ጀመረች። ግቡ አላለችንም። አክስቴ የነገውን ቀዶ ጥገናና ድምፃቸው አብሮ እንደሚሄድ ነገረቻት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አለች በመጨረሻ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት» አለቻት አክስቴ። «እስከዚያ ይናገራሉ።»

ሴትዮዋ ጫማዋን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባች።