ረሂማና የለቅሶው ቁልፍ

ረሂማ ሰው አትወድም ይሏታል። ውሸት ነው። የማትወደው ወሬኛ ሰው ነው፤ የሐረር ጀጎል ጎረቤቶቿ ግን ሁለቱን መለየት አልሆነላቸውም።

ከድሬ ጠያራ የመጣችው ባሏ ፈትቷት፣ አንድ ማዳበሪያ የደረቀ የቡና ቅጠል ተሸክማ ነው። ቅጠሉ ተፈልቶ ቁጢ ይሆናል፤ ሐረር ያለ ቁጢ አይነጋላትም። ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር ላይ ዘርግታ ስትሸጥ አዴ ሀቢባ የሚባሉ ሴት አገኟት።

"የት ታድሪያለሽ ልጄ?"

"እዚሁ።"

"እዚሁማ የሚያድረው ጅብ ነው። ተነሽ!"

ግቢያቸው ወስደው ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል አከራዩዋት። ውል የሚባል አልተጻፈም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው "ማንም አያስወጣሽም" አሉ፤ ረሂማ ጨበጠቻቸው፤ አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረችባት።

በ2004 ዓ.ም. አዴ ሀቢባ ታመው አልጋ ሲይዙ፣ ልጃቸው አብዱልፈታ ግቢውን የቱሪስት ማረፊያ ሊያደርገው ተነሳ። ረሂማን ውጪ አላት። አልወጣም አለችው። ቧንቧውን ቆለፈባት፤ ለሽያጭ ያሰጣችው ቅጠል ላይ እጣቢ ደፋ። እሷም መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር፣ ሰው እየሰማ፣ "አፍንጫህን ስጠርግልህ ነው ያደግከው፤ ዛሬም አልጠራልህም!" ትለዋለች። በመጨረሻ ከሰሳት።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሕግ ተማሪዎች ድሃ በነፃ የሚረዱባት አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። ረሂማን የተቀበለቻት መቅደስ ነች፤ ከደብረ ብርሃን የመጣች፣ ትዕግሥት ያልፈጠረባት ልጅ። ተማሪ ስለሆነች ችሎት ቆማ መከራከር አትችልም፤ መጻፍና መምከር ብቻ ነው ሥራዋ።

"ውልዎ የታለ?"

"አዴ ሀቢባ አፍ ውስጥ።"

"የቃል ውልም ውል ነው። ዋናው ቤቱ ውስጥ መሆንዎ ነው። ዕቃዎን እንዳያወጡ፣ ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ። ዳኛው ፊት ደግሞ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ስድብ የለም፤ ተረት የለም!"

ይህን የመጨረሻውን ያለችው በምክንያት ነው። ረሂማ ከተቀመጠች ጀምሮ አብዱልፈታን እስከ ሰባት ቤቱ ስትሰድበው ነበር።

ቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው አዴ ሀቢባ ሞቱ።

ጀጎል ውስጥ ከግቢው ሰው ሲሞት የእኔ ቤት የአንተ ቤት የለም። ዕቃ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቁልፉ ባለ ለቅሶው እጅ ይገባል። ረሂማ የመቅደስን ምክር ለአፍታም አላሰበችውም። አልጋዋን በጀርባዋ ተሸክማ አወጣች፤ ቁልፉን ሄዳ አብዱልፈታ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"አላህ ይርሐማት" አለችው። ከተጣሉ ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ደግ ቃል ነው።

"አሚን" አለ አንገቱን ደፍቶ። ከይሲ ሰው አሚን ሲል እንዴት ያምርበታል!

ሦስቱን ቀን ውሃ ስትቀዳ፣ ድስት ስታጥብ፣ ለቅሶ ደራሽ ስታስተናግድ ዋለች፤ ራሷ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። በአራተኛው ቀን ማለዳ በሯ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አልጋዋ መተላለፊያው ላይ ተጥሏል።

"ነግሬዎት አልነበር!" ብላ ጮኸችባት መቅደስ፣ ረሂማ ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ስትነግራት።

"ሬሳ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ቁልፍ ታቅፌ ልቀመጥ? አንቺን ያሳደገሽ ማን ነው?"

እንዲህ ሲነታረኩ ሰዓቱ ሄደ። ቀጠሮው በማግስቱ ነበር። መቅደስ ከንዴቷ የተነሳ ዋናውን ነገር፣ ዕቃውን ያወጡት ለለቅሶ መሆኑን ይናገሩ ማለትን ረሳች።

"ዕቃውን ከቤት ያወጣው ማን ነው?" አሉ ዳኛው።

"እኔ።"

"ቁልፉንስ የሰጠው?"

"እኔ።"

እንደተመከረችው፣ ስድብም ተረትም አልጨመረችም። የተጠየቀችውን መልሳለች። ቀጥሎ ጎረቤቷ ነስሮ ለአብዱልፈታ ሊመሰክር ቆመ፤ "ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ራሷ ናት አልጋዋን ያወጣችው" አለ። አልዋሸም። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የለቅሶ ሩዝ መብላቱን ግን ማንም አልጠየቀው። ረሂማ በፈቃዷ ለቅቃለች ተብሎ ተፈረደ።

"ለለቅሶ ነው አይሉም?" አለች መቅደስ ደጅ ላይ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

"አልጠየቁኝማ! የተጠየቁትን ብቻ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ልጅቱ ወረቀት አወጣች። "ይግባኝ እጽፋለሁ" አለች።

"ጻፊ። ወረቀት እንደሆነ ሞልቶሻል።"

የአዴ ሀቢባ አርባ ደረሰ። አብዱልፈታ ግድግዳውን የሚያፈርሱ ግንበኞች ለማግስቱ ቀጥሮ ነበር፤ ለሰደቃው ግን የረሂማን ክፍል ከፍቶ ምንጣፍ አነጠፈ። ረሂማ ሻሿን አስራ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ አልጋዋ የነበረበት ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ዱዓ ተደረገ፣ ተበላ፣ ሰው መውጣት ጀመረ። እሷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

በዚህ መሃል መቅደስ የይግባኙን ወረቀት ለማስፈረም እየሮጠች ደረሰች። ረሂማ ቀና ብላ አየቻት።

"ጫማሽን አውልቂ። ለቅሶ ቤት ነው።"

አብዱልፈታ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ነከሰ። ዱዓውን የመሩት ሼክ ገና አልሄዱም፤ ነስሮና ጎረቤቶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ያያሉ። ለቅሶ ደራሽ ጎትቶ ያወጣ ሰው ጀጎል ውስጥ ዳግመኛ ቀና ብሎ አይሄድም።

"አቦ! ሰው ሁሉ ወጣ እኮ። አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እናትህን ላለቅስ ነው የመጣሁት። ሲበቃኝ እወጣለሁ።"

"መቼ ነው የሚበቃሽ?"

ረሂማ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እግሯን አጣጠፈች።

"እኔ እንጃ" አለችው። "ገና አልጀመርኩም።"