ድስት ያልገባው ክንፍ

ልጄ ከስልኳ አይታ የዶሮ ክንፍ በማር፣ በዝንጅብልና በሶያ ሶስ ዘፍዝፋ ኦቨን ውስጥ ከተተችው። እኔ እንዲህ ያለ ቅብጠት አልወድም። ማሩ ማረር ሲጀምር ግን በሐሳብ ከቡራዩ ተነስቼ ሱሉልታ፣ ልጅ ሆኜ አባቴ ቤት ገባሁ።

በፋሲካ የጎረቤት ልጆች ክንፍ ይደርሳቸዋል። እኛ ቤት ግን አባቴ ክንፉን ከነላባው ያደርቀውና ማር ሲቆርጥ ንቦቹን ይጠርግበታል። አንዱን ፋሲካ «የኔ ክንፍ የታለ?» ብዬ አለቀስኩ።

«ኦብሲ፣ ታገስ» አለኝ። «አንተ ሰው ነህ፤ ንብ ግን ትዕግሥት የላትም።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በንዴት ጓሮ ወጥቼ ቀፎውን በእርግጫ አልኩት። ያኔ ገባኝ!

አባቴ እየሳቀ ንቦቹን በዚያ ክንፍ ከራሴ ላይ ጠረገልኝ። እናቴ «ኧረ ልጄን ጨረሱት!» እያለች ትጮኻለች። ዓይኔ አብጦ ተደፈነ። ምንም ሳላይ አፌ ላይ ትልቅ ጉርሻ መጣ፤ ፈረሰኛው፣ የአባቴ የራሱ ድርሻ።

«አባዬ፣ እንዴት ነው?» አለች ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ክንፍ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዝንጅብሉ በዝቷል» አልኳትና ትሪውን ወደ ራሴ ጎተትኩ።