ጎማዬን የሚያስተነፍሰው ማን ነው?

ብስክሌቷ እስከ ክረምት እኔ ጋ ትቆያለች! ይህን የነገረኝ የስፖርት አስተማሪያችን ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዓለም ከተማ መግቢያ ላይ፣ ላቤ ዐይኔን እያቃጠለኝ ቆሜ ሳለሁ። "ከፋሲካ ማግስት ለረጅሙ ጉዞ ተዘጋጂ። ጀማን ተሻግረን ማዶ ወጥተን እናድራለን" አለኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ሳቄ ቀደመኝ። እስካሁንም እየሳቅሁ ነው። እማዬ "ዝንብ ሳይገባብሽ አፍሽን ግጠሚው" ትለኛለች።

ይህን ሳቅ ግን በቀላሉ አላገኘሁትም። ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ነው።

ከሥሩ ልጀምር። እኛ አገር ብስክሌት መልመድ እንደ ሌላው አገር አይደለም። ሌላ ቦታ ሰው መጀመሪያ ዳገቱን ወጥቶ፣ ደክሞት፣ ሲመለስ በቁልቁለቱ ይዝናናል አሉ። የኛ ከተማ ግን ከላይ ናት፣ ጀማ ወንዝ ደግሞ ከታች ቆላው ውስጥ። መጀመሪያ ትወርጃለሽ። ነፋሱ ጆሮሽ ላይ ያፏጫል፣ ዓለም ሁሉ ቀላል ይመስልሻል። ዳገቱ ታች ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። አስተማሪያችን ለጀማሪ ሁሉ የሚናገራት አንዲት ነገር አለች፦ "የወረድሽውን ያህል ትወጫለሽ። ልትወጪው የማትችይውን አትውረጂ።"

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቅዳሜ ሁሉ አንድ አንድ መታጠፊያ እየጨመርን እንወርድ ነበር። መጀመሪያ ቀን አንደኛዋ መታጠፊያ ድረስ ወርጄ፣ ስመለስ ብስክሌቷን እየገፋሁ መጣሁ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች "እሷ ትሸከምሽ እንጂ አንቺ ትገፊያት!" ብለው ሳቁብኝ። ቀስ በቀስ ግን ተማርኩ። ማርሹ ዳገቱ ላይ ከደረሱ በኋላ ሳይሆን ከመድረስ በፊት ነው የሚቀየረው። መጀመሪያ ላይ የሚሮጥ መጨረሻ ላይ ይገፋል። የተቀቀለ ድንች በኪስ ከያዝሽ ደግሞ ጉልበትሽ ቶሎ አይከዳሽም።

ችግሩ ከትምህርት ቤቱ ብስክሌቶች ለሴቶች ቁመት የምትሆነው አንዲት ብቻ መሆኗ ነው። የምንለማመደው ሴቶች ደግሞ ሁለት ነን፤ እኔና ጓደኛዬ። እሷ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ጎረቤቴ ናት፣ ሂጃቧ ላይ ሄልሜቱን ስትደፋ ከኔ የበለጠ ያምርባታል። አስተማሪያችን እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ መጀመሪያ እኔ ብስክሌቷን ቤቴ ወስጄ እለማመዳለሁ። ከጀማ ድልድይ ተነሥቼ እግሬ መሬት ሳይነካ ከተማ ከገባሁ እስከ ክረምት እኔ ጋ ትቆያለች፣ በረጅሙ ጉዞም እሄዳለሁ። ካቃተኝ ለጓደኛዬ ትተላለፋለች።

እንግዲህ ጥርጣሬው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ ትንሽ ነድቼ እመለስና ብስክሌቷን ግቢያችን ውስጥ ከግድግዳው አስደግፋታለሁ። ስገባ ሁለቱም ጎማ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ጠዋት ስነሣ ሁለቱም ልፍስፍስ ብለዋል። መጀመሪያ እሾህ ነው ብዬ ጎሚስታው ጋ ወሰድኳት። ጎሚስታው ከጎማው ውስጥ ከመነዳሪውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረው። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

"ይኼ ደህና ነው። ሰው ነው ያስተነፈሰው" አለኝ።

"ምን ዓይነት ሰው?"

"እኔ ምን አውቄ! ጠላት አለሽ እንዴ በዚህ ዕድሜሽ?" ብሎ ሳቀ።

እሱ ስቆ ረሳው። እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት እስኪረፍድብኝ ጎማ እነፋለሁ። የእማዬ አባት፣ እኔ አባባ የምላቸው፣ በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ "ጎበዝ፣ አጥብቂያት!" ይሉኛል። በእጅ መንፊያ የቱንም ያህል ብለፋ ደግሞ ጎሚስታው እንደሞላልኝ አይሆንም። በዚያ ጎማ ሁለት ቅዳሜ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ እግሬ መሬት ነካ። አስተማሪያችን "የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻሽ ነው" አለኝ።

ጠላት ፍለጋ ጀመርኩ። እሁድ እሁድ አልነዳም፤ ያን ዕለት ጎማው አይተነፍስም። እሁድ እሁድ ደግሞ ጓደኛዬ እኛ ቤት አትመጣም። በሌላው ቀን ግን የቤት ሥራ ልንሠራ ትመጣለች፣ ስትወጣም ብስክሌቷ አጠገብ ቆም ትላለች። አየኋት። ታዲያ እኔ ከወደቅሁ ብስክሌቷ የማን ልትሆን ነው? የሷ አይደል?

ወንጀለኛውን በዱካው ልይዝ ብዬ አንድ ቀን ነድቼ እንደገባሁ በጎማዎቹ ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ። ጠዋት ጎማው ተንፍሷል፤ አመዱ ግን የለም! ግቢው ሙልጭ ተደርጎ ተጠርጓል። እንዲህ ያለ ዱካውን የሚያጠፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሳሸት ደግሞ ኮርቻው ቅቤ ቅቤ አለኝ።

ቅቤ! በዐቢይ ጾም! ጾም ላይ ስለሆንን ወጥ ውስጥ አይገባም። ቤታችን ቅቤ የምትነካው ለፀጉሯ ስትል እማዬ ብቻ ናት። እማዬ ደግሞ መጀመሪያ ቀን "ሴት ልጅ በቁልቁለት ስትበር ሰው ምን ይላል?" ያለችው ነገር አለ። በሌላ በኩል ግን የጓደኛዬ ቤተሰቦች የኛን ጾም አይጾሙም፣ ቅቤው እዚያም አለ። ተጠርጣሪዎቼ ሁለት ሆኑ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ሁለቱንም ግን በጎን ማየት ጀመርኩ።

ከእማዬ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ሳይክሌን ነክተሻል?"

"እኔ? ምን ልሠራባት? ሽሮ ልፈጭባት?"

"እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ።"

"እንዲያው አይደለም። ዐይንሽ እንዲያው አይልም። ነይ ይልቅ ሽንኩርቱን ላጪ።"

ሽንኩርቱን ላጥሁ። አልቅሼም ቢሆን ፊቷን ስመረምር ነበር። ምንም አልተገኘባትም።

በማግሥቱ ከጓደኛዬ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ አፈነዳሁት።

"ትናንት ሳይክሌ አጠገብ ምን ስትሠሪ ነበር?"

"ሳያት ነበር። ማየት ክልክል ነው?"

"ጎማዋ ተነፈሰ።"

"እና እኔ ተነፈስኩባት?"

"እኔ እንደሱ አላልኩም።"

"ብለሻል! ፊትሽ ብሏል!" ቆመች። "ስሚ፣ እኔ ብስክሌቷን እፈልጋታለሁ። አልዋሽሽም፣ በጣም እፈልጋታለሁ። ግን ዳገቱ አቅቶሽ እንጂ ጎማ ተንፍሶብሽ እንድትሰጭኝ አልፈልግም። ካላመንሽኝ ዛሬ እኛ ቤት ትደር።"

ይህንንም ጠረጠርኩት። እነሱ ቤት ካደረች መቼ ትመለሳለች? እሷም ይኼን ከፊቴ ላይ አነበበችው። ሳቋ መጣ፤ የተናደደ ሰው ሳቅ።

"አንቺ የምር ታመሻል። እሺ፣ ሌላ ዘዴ። ሁልጊዜ የምታዪያት ጠዋት ነው አይደል? መቼ እንደምትተነፍስ በምን አወቅሽ? አሁን ነድተሽ ነይና እንደበቅ።"

ዓርብ ነበር፣ የመጨረሻዬ ቅዳሜ ዋዜማ። ነዳሁ፣ ተመለስኩ፣ ጎማዎቹን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ፈተሽኩ፤ ድንጋይ ናቸው። ብስክሌቷን አስደገፍኩና "እግሬን ልታጠብ!" ብዬ ጮኽኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ከጓደኛዬ ጋር ከጤፍ ጭዱ ክምር ጀርባ ገባን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጭዱ አንገታችንን ይበላናል፣ እሷ ታስነጥሳለች፣ እኔ እቆነጥጣታለሁ።

ብዙም አልቆየን። በር ተከፈተ። አባባ ወጡ።

ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ብስክሌቷ መጥተው ኮርቻዋን እንደ በቅሎ ጀርባ መታ መታ አደረጓት። በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ የቫልቩን ክዳን ፈቱ፣ በጥፍራቸው ጫን አሉት። ጢስስስስ! "እፎይ በይ የኔ ልጅ፣ እፎይ በይ" አሏት። የፊቱን ጨርሰው ወደ ኋላው ሄዱ። በመጨረሻም ከኪሳቸው በቅጠል የተጠቀለለች ነገር አውጥተው ኮርቻውን ማሸት ያዙ። ቅቤ!

ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር "እኔ ነኝ አይደል? ሽማግሌ መስዬ መጥቼ?" አለችኝ። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ዘልዬ ወጣሁ። "አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

ምንም አልደነገጡም። "ጠፍሯን እያላላሁላት ነዋ" አሉኝ።

አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት በበቅሎ ንግድ ነው። ከኛው ከመርሐቤቴ ጤፍ ጭነው መንዝ ይወጡ ነበር፣ ከመንዝ የበግ ጠጉር ባና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህን ሁሌ አውቃለሁ፤ ከጎማዬ ጋር ግን መቼ አገናኝቼው!

"መንገድ ውላ የገባች በቅሎ" አሉኝ፣ ለሞኝ እንደሚያስረዱ፣ "የኮርቻ ጠፍሯ ሳይላላ ካደረች ጀርባዋ ገጣባ ያወጣል። ጠዋት ዳገት አትወጣልሽም። አንቺ ጋልበሻት መጥተሽ እንዲህ እንደ ከበሮ ተወጥራ ታሳድሪያታለሽ። አንጀቴን በላችው።"

"በቅሎ እኮ አይደለችም፣ አባባ!"

"ዐውቃለሁ። በቅሎ ብትሆን ትነግርሽ ነበር። ይቺ አፍ የላትም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን ልንገርሽ? እኔ ማታ አላላለሁ፣ አንቺ ጠዋት ታጠብቂያለሽ። ልጅቱ ሥራዋን ዐወቀች ብዬ ደስ ሲለኝ ነበር እኮ! ማንም ሰነፍ የበተነውን አመድ እንኳ እኔው ነኝ የጠረግሁት።"

ጓደኛዬ ጭዱ ላይ ወድቃ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እማዬ በሳቁ ወጥታ፣ ሰምታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። "ሽሮ ልፈጭባት ወይ አላልኩሽም?" አለችኝ።

ከአባባ ጋር ድርድር ገባን። በቅቤው ተስማማን፤ ኮርቻው ለስልሷል፣ አይካድም። ጎማው ላይ ግን ተከራከርን። ያልተነፈሰ ጎማ እንደማይታመም ብነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው የኋላውን ተይላት፣ የፊቱን ብቻ ላሳርፍላት" አሉኝ። "አንዱንም!" አልኩ። "የፈረንጅ ነገር ጭካኔ ነው" ብለው ገቡ። ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ነገ ካልወጣሽ ነው ይቅር የማልልሽ" አለችኝ። ጎማዎቹን ከመምሸቱ በፊት አብረን ሞላናቸው፤ ጎሚስታው ጋ፣ እስኪበቃቸው።

ቅዳሜ ጀማ ድልድይ ላይ ገና በጠዋቱ ይሞቃል። ፔዳሉን ስረግጥ ልዩነቱን ወዲያው ዐወቅሁት፤ ጎማው አስፋልቱን አይልሰውም፣ ይገፋዋል። አልሮጥኩም። ማርሹን ቀድሜ ቀየርኩ። አንድ አውቶቡስ ሲያልፈኝ መስኮቱ ሁሉ ራስ ሆነ፤ አንዱ "አይዞሽ እህቴ!" ሲል ሌላው "ከምትሞቺ ግፊያት!" አለ። ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር መንቀላቸውን ትተው አዩኝ። ድንቼን በላሁ፣ ትንፋሼን አዳመጥኩ፣ ቆላው ከኋላዬ ወደ ታች ቀረ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ጭኔ መቃጠል ሲጀምር የመጨረሻዋ መታጠፊያ ታየችኝ፤ ሁለት ጊዜ ያዋረደችኝ።

እዚያ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጓደኛዬ አባባን በክንዳቸው ይዛ አምጥታቸዋለች። እሳቸው ሲያዩኝ ከዘራቸውን አነሡና እንደ ድሮው፣ በቅሎ ሲነዱ ይሉ እንደነበረው፣ አገር እስኪሰማ፣ "መጭ! መጭ!" አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። መሪው ተወላገደ፣ ቀኝ እግሬ ከፔዳሉ ወጣ። ጓደኛዬ ሮጣ ከጎኔ መጣች። "እንዳትስቂ! እግርሽን! እግርሽን መልሺ!" እግሬ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ተንጠልጥሎ፣ ፔዳሉን አገኘ። መሬት አልነካም! ብስክሌቷን የምትፈልገው ልጅ ከጎኔ እየሮጠች፣ ከኋላ አባባ "መጭ!" እያሉ ከተማ ገባሁ።

አሁን እሁድ እሁድ ጓደኛዬ ትነዳታለች፤ አመድ ሳልነሰንስ እሰጣታለሁ። አባባ ደግሞ ትናንት ጠርተውኝ አንድ መልእክት ሰጡኝ። ድሮ በቅሎዎቻቸውን ያሳድሩበት የነበረው ጋጣ ባዶውን ነው፤ ጠርገውታል። ከጀማ ዳገቱን በብስክሌት የወጣ ሰው ሁሉ፣ ጀማሪም ይሁን የለመደ፣ ገብቶ ይረፍ ብለዋል፤ ውሃ አለ፣ ቆሎ አለ፣ የኮርቻ ቅቤም አለ። እኔም ጥሪያቸውን ለእናንተ አደርሳለሁ፤ ኑ። መንፊያችሁን ግን ይዛችሁ ኑ፤ ዛሬ ጠዋት የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ትንሽ ለስለስ ብሎኛል።