በገረጋንቲ የቀበርኩት ማንሆል

እኛ ሰፈር፣ ኒውላንድ፣ ክረምት ሲቃረብ ሰው ሁሉ ግቢውን ከጎረቤቱ ከፍ ለማድረግ ይሽቀዳደማል። ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ አምጥቶ ይዘረግፋል፣ አፈሩ ይደለደላል፣ ጎርፉ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በዓመቱ ጎረቤትም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ አያያዛችን ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ተራራ ሆና ታርፋለች።

እኔም ሦስት ዓመት ተከታትዬ አስደፍቻለሁ። ገበያ ያሳደገኝ ሴት ነኝ፤ ሳሙና ስረከብ ከታች ያለውን ካርቶን ሳላስከፍት አልከፍልም። የራሴን ግቢ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ሳላይ ነው የደፋሁበት።

ከታች በኩል አጥር የምትጋራኝ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋዋን ብሎኬት ላይ ትሰቅላለች፤ በየእግሩ ሁለት ሁለት። ውኃው ከማን ግቢ እንደሚመጣ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስንገናኝ ስለ ጤንነት ተጠያይቀን እንለያያለን።

ዘንድሮ ከሱቄ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ሣርና አበባ ላስተክልበት፣ ማንጎው ሥር ወንበር ደርድሬ ጭማቂ ልሸጥበት አሰብኩ። ለሥራው አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ሲመጡ ጎረምሳ የነበሩ የወሎ ገበሬ ናቸው። ዛሬም ያርሳሉ፤ በበጋ ደግሞ ከተማ መጥተው የሰው ግቢ ያለማሉ።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት አንድ አካፋ አፈር አላነሱም። ዶማቸውን ገልብጠው በእጀታው መሬቱን እየነኩ ግቢውን ዞሩት። ቀኑን በሽርሽር ሊጨርሱት ነው ብዬ ከሱቅ ደጅ በዓይኔ ስከታተላቸው፣ ማንጎው አጠገብ ቆሙና ሁለት ጊዜ መቱት።

«እዚህ ጋ ሆድ አለው» አሉ።

መቆፈር ጀመሩ። የተቆረጠውን አፈር በጣታቸው እያሳዩ፣ ይሄ የዘንድሮሽ፣ ይሄ የአምናሽ፣ ይሄ የካቻምናሽ እያሉ አነበቡልኝ። አንድም አልሳቱም። ከካቻምናው ሥር ዶማው ጮኸ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የኮንክሪት ክዳን ነበር። በዲጂኖ ስናነሳው ውስጡ በብሎኬት የተገነባ የዝናብ ውኃ ማንሆል ሆኖ ተገኘ፤ ወደ መንገዱ ቦይ የሚወጣ ቱቦም ነበረው። ግቢውን ስገዛ ሣር ሸፍኖት ኖሮ አላየሁትም። በኋላ እኔው ደፈንኩት። በየዓመቱ ገረጋንቲ እያስመጣሁ የሸሸሁት ጎርፍ፣ ለካ መውጫውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ይህን ባውቅም ነጋዴነቴ ቀደመኝ። ደንበኛ በሚቀመጥበት ቦታ ጉድጓድ ምን ያደርጋል? ይድፈኑትና ሣሩን ይትከሉበት አልኳቸው።

ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ውኃ መንገድ ካጣ ቤት ነው የሚገባ። የማን ቤት እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

አጥሩን አየሁ። «እንግዲያው ይጥረጉት» አልኳቸው።

ሦስት ቀን ሠሩ። ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ ይጀምራሉ፣ ቀትር ላይ ማንጎው ሥር ጋደም ይላሉ፣ የአሱር ሶላታቸውን ሰግደው እንደገና ይገባሉ። የማንሆሉን አፈር በቆርቆሮ ዝቀው ጨረሱ። ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ጫፍ ለጫፍ አስረው ቱቦው ውስጥ እየገፉ እየሳቡ የደረቀውን ጭቃ አወጡት። ሲስቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የት እንደያዘና የት እንደለቀቀ የሚያዩት በእጃቸው ነበር። ሱቄን ትቼ ቆሜ ማየት አበዛሁ። አስተማሪዋም በአጥሩ ክፍተት ታይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የዱቄት ሳሙና ጠየቁኝ። አንድ በርሜል ውኃ ውስጥ በጠበጡትና፣ ማንሆሉ ውስጥ ሲደፉት ወደ ቦዩ ሄጄ እንድጠብቅ ላኩኝ። ደረቅ ቦይ ላይ አፍጥጬ ስቆም አላፊ አግዳሚው ምን እንደጠፋኝ ይጠይቀኛል። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ከቱቦው አፍ አረፋ እየተንፎለፎለ ወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳሙና ስሸጥ አረፋ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀረው አፈሩን ወደ ማንሆሉ እንዲያዘነብል ዝቅ ማድረግና፣ ዳግመኛ እንዳይቀበር ጠርዙን በብሎኬት መክበብ ነበር። ስምንት ይበቃል አሉ ሽማግሌው። ነገ ገዝቼ አመጣለሁ ስላቸው ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«እኔ ጋ ስምንት አለ።»

የትኞቹ ስምንት እንደሆኑ አወቅኩ። ሰማዩ በደጋው፣ በጎሬ በኩል ጠቁሯል። «እትዬ፣ ተይ» አልኳት፣ «መጀመሪያ ዝናቡ ይምጣና እንየው።»

«የማየውን አይቻለሁ» አለችኝ። «ያመንኩት ደግሞ እሳቸውን ነው፤ አንቺን መች አልኩ።»

ሽማግሌው ብቻ ሳቁ። ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ ከአልጋዋ ሥር አውጥታ በአጥሩ ላይ አቀበለችን፤ ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ።

ዝናቡ የመጣው ሽማግሌው ሥራውን ጨርሰው ወደ እርሻቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ የእኛ አገር ዝናብ ሲወርድ ደግሞ አያስጠነቅቅም። ጃንጥላ ይዤ ማንሆሉ ላይ እንደ ዘበኛ ቆምኩ። ውኃው ከየማዕዘኑ እየተንሸራተተ መጣ፣ በስምንቱ ብሎኬቶች መካከል ገባ፣ ማንሆሉም ጠጣው። ወደ አጥሩ አንዲት ጠብታ አልዞረችም። ቢሆንም ልቤ አላረፈም፤ አጥሩን ተጠግቼ ተጣራሁ። ብዙ ጠራኋት።

«አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ» አለች ከውስጥ። «ምን ፈለግሽ?»